ምክሩን የገዛው ማነው? የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችና የአዲስ አሠራር ሻጮች

ከሳሪስ ማዶ ጀምሮ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዘው፣ ቃሊቲን አልፈው እስከ አቃቂ በሰቃ የተደረደሩት ፋብሪካዎች ከስድሳ ዓመት በላይ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ምግብና የግንባታ ዕቃ ሲሸጡ ኖረዋል። በዚያው ዘመን ሁሉ ግን እነሱ ራሳቸው ሸማች የሆኑበት ሌላ ገበያ ነበር፤ የአዲስ አሠራር ገበያ። በዚህ ገበያ ሻጮቹ በየዘመኑ ተፈራርቀዋል። መጀመሪያ የህንድ ባለሀብቶች ማሽንና ሙያ አጣምረው አመጡ። ቀጥሎ መንግሥት በኮርፖሬሽን መልክ አሠራር አዳይ ሆነ። ከዚያም ቢፒአር፣ ውጤት ተኮር፣ ካይዘን እየተባለ የአማካሪዎች ዘመን ገባ። አሁን ደግሞ ያው ሸቀጥ «ፈጠራ» እና «ዲጂታል ሽግግር» በሚል ስም ይቀርባል። እዚህ ላይ የማቀርበው ክርክር አንድ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዙሮች ውጤቱን የወሰነው የተሸጠው እውቀት ጥራት ብቻ አልነበረም። ይበልጥ የወሰነው ምክሩን የገዛውና ምክሩን የሚሠራበት አንድ አካል መሆን አለመሆናቸው ነው። ሁለቱ ሲለያዩ አማካሪው የሚታዘዘው ለከፋዩ ይሆናል፤ ከፋዩም የሚቆጥረው የሰለጠነ ሰውና የቀረበ ሪፖርት ይሆናል፤ በፋብሪካው ወለል ላይ የሚባክነው ጥጥና የሚቆመው ማሽን ግን ቆጣሪ ያጣል።

አቃቂ የኢንዱስትሪ ሰፈር የሆነው በአማካሪ ጥናት አልነበረም። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አቃቂ ደርሶ ነበር። ለተወሰነ ጊዜም ከባሕር የመጣ ዕቃ የሚራገፈው በዚያው ነበር። ወንዙ ለፋብሪካ ውሃ ሰጠ፤ የአባ ሳሙኤል ግድብ ከአገሪቱ ቀደምት የኤሌክትሪክ ኃይል ምንጮች አንዱ ሆነ፤ ሜዳው ለግንባታ አመቺ ነበር፤ ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣው መንገድም በዚያው ያልፋል። ይህ መታወስ ያለበት ከጊዜ በኋላ የመጡት የአሠራር ሻጮች ብዙውን ጊዜ ፋብሪካን በአጥር ውስጥ ብቻ ስለሚያዩት ነው። የአቃቂ ፋብሪካ ከመነሻው ጀምሮ አጥሩን በሚያቋርጡ ነገሮች የሚኖር ነበር፤ በሐዲዱ፣ በውሃው፣ በመብራቱ፣ ከውጭ በሚገባው መለዋወጫ። የሽመና ክፍሉን ብቻ አጥንቶ የፋብሪካውን በሽታ አገኘሁ የሚል ሰው ግማሹን ታሪክ ሳያነብ ይቀራል።

የመጀመሪያው ትልቅ የእውቀት ግዢ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ከህንድ ወገን የገባው የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ ሲሆን፣ የህንድ የኢንዱስትሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን የአቃቂ ሽርክና የህንድ የግል ካፒታል ከአገሩ ውጭ ከጀመራቸው የመጀመሪያ የፋብሪካ ሽርክናዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በዚያ ዘመን የህንድ ባለሀብቶች ውጭ ሲወጡ የተለመደው መንገድ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ማሽንና የቴክኒክ እውቀትን እንደ አክሲዮን ድርሻ ማስገባት ነበር። እንዲህ ባለው ውል እውቀት ሻጩ የፋብሪካው ባለቤትም ነው፤ ክሩ ቢበጠስ፣ ፈረቃው ቢስተጓጎል፣ ጨርቁ ባይሸጥ ኪሳራው የእሱም ነው። ስለዚህ ማሽን ተካዩ፣ ጠጋኙና ተቆጣጣሪው እዚያው ከሠራተኛው ጎን ቆመው ያሠለጥኑ ነበር። ችግር አልነበረበትም ማለት አይደለም። እውቀቱ ከውጭ በመጡት ተቆጣጣሪዎች እጅ ተይዞ ይቆይ ነበር፤ የደመወዝና የአያያዝ ቅሬታም ከዘመኑ የሠራተኛ ንቅናቄ አይለይም። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከክንዶቹ አንዱ ሆኑ። ያም ሆኖ ፋብሪካው ጨርቅ ማምረት የሚችል የከተማ ሠራተኛ ትውልድ አፍርቷል፤ ልጆቻቸውም የአቃቂ ሰዎች ሆነው ቀሩ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የዚያው ዘመን ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር ሲዋዋል የገዛው አስተዳደርና ሙያ ነበር። አብራሪው፣ መካኒኩና ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። ነገር ግን አየር መንገዱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ሒሳብና የራሱ ትርፍና ኪሳራ ነበረው፤ ቦታው ደረጃ በደረጃ በኢትዮጵያውያን እንዲተካም ግብ ተይዞ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ፤ ጥቂት ቆይቶም ቲ ደብሊው ኤ ሙሉ በሙሉ ወጣ። እዚህ ላይ ገዢው ተጠቃሚው ራሱ ነው፤ ሻጩም መቼ እንደሚወጣ ያውቃል። በአየር መንገዱና በአቃቂ ፋብሪካዎች መካከል በኋላ የታየው ልዩነት ብዙ ምክንያት አለው፤ የአየር መንገድ ገበያ ዓለም አቀፍ መሆኑና ገቢው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የውሉ ቅርጽ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መካድ ያስቸግራል።

ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሲወርስ የአቃቂ ገበያ ቅርጹን ለወጠ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በብሔራዊ ጨርቃ ጨርቅ ኮርፖሬሽን ሥር ገቡ። ከዚያ በኋላ አዲስ ማሽን ይገዛ፣ ባለሙያ ይምጣ፣ ሥልጠና ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው በፋብሪካው ቢሮ ያለው ሥራ አስኪያጅ አልነበረም፤ ኮርፖሬሽኑና ሚኒስቴሩ ነበሩ። ፋብሪካው ዕቅዱን በሜትርና በቶን ያቀርባል፤ የወጪ ብክነት፣ የጥራት ጉድለት፣ የደንበኛ ፍላጎት ከዕቅዱ ቅጽ ውጭ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው እውነተኛ ፈጠራ ከመሐንዲሶችና ከጥገና ሠራተኞች መጣ። መለዋወጫ ከውጭ ሲጠፋ የተሰበረውን የማርሽ ጥርስ ቀርጸው፣ ያለቀውን ዘንግ ሞልተው ያረጀውን ማሽን አቆዩት። መንግሥትም ይህንኑ ፍላጎት አይቶ በደርግ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካን ተከለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ጉሮሮ የታነቀው በመለዋወጫ ነበርና። ነገር ግን እዚህም ላይ የመለዋወጫው ተጠቃሚ ፋብሪካና የፋብሪካው ባለቤት መንግሥት በደንበኝነት ሳይሆን በትእዛዝ ተገናኙ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ለዓለም አማካሪዎች ሲከፈት እዚያ የጠበቀው ንግድ ከመቶ ዓመት በላይ የበሰለ ነበር። አርተር ዲ ሊትል በኋላ የማማከሪያ ድርጅት የሆነውን የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውን በቦስተን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ሌላው አማካሪ ድርጅት ማኪንዚ በ1926 ተመሠረተ። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የሠራተኛን እጅ እንቅስቃሴ በሰዓት መለካትን ሳይንስ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማይክል ሃመር ሥራን ከሥሩ ነቅሎ እንደገና መንደፍን ሰበከ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ካፕላንና ኖርተን የሚዛናዊ ምዘና ካርዳቸውን አወጡ። የአሸጣጡ ሥርዓት ግን ከቴይለር ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። መጀመሪያ ለድርጅቱ ሕመም ስም ይሰጠዋል፤ ስሙም አማካሪው ከያዘው መድኃኒት ጋር የሚገጥም ነው። ቀጥሎ በአንድ ክፍል ወይም በጥቂት ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተሠርቶ ጥሩው ውጤት ይመረጣል። ያ ውጤት ለቀጣዩ ገዢ ማስረጃ ይሆናል። በመጨረሻ አሠራሩ በሁሉም ላይ ይዘረጋል፤ ሲያረጅም አዲስ ስም ያለው ሌላ አሠራር ይተካዋል። በዚህ ውስጥ ማጭበርበር መኖር የለበትም፤ አብዛኛው አማካሪ በሚሸጠው ነገር ያምናል። ችግሩ የንግዱ ሕግ አዲስነትን ከመዝለቅ ይልቅ የሚሸልም መሆኑ ነው። አንድ ፋብሪካ ለአሥር ዓመት አንድ አሠራር ይዞ ከዘለቀ አማካሪው የሚሸጠው ነገር የለውም።

የሃመር አሠራር ቢፒአር (የሥራ ሂደትን እንደገና መንደፍ) በሚል ስም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በኩል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ተራ በተራ አጥኚ ቡድን አቋቁመው የነበረውን አሠራር ጽፈው፣ የሚሆነውን ነድፈው አቀረቡ። አንዳንድ ቦታ ጥቅሙ ታይቷል። ፈቃድ ለማውጣት ሰባት ጠረጴዛ ያዞር የነበረ መሥሪያ ቤት በአንድ መስኮት ማስተናገድ ጀመረ፤ ይህን ያየ ባለጉዳይ አይረሳውም። ነገር ግን ገዢው በላይ ያለው መንግሥት፣ ተጠቃሚው በታች ያለው ሠራተኛና ባለጉዳይ በመሆናቸው ሥራው በጊዜ ሰሌዳ የሚጠናቀቅ ዘመቻ ሆነ። ሠራተኛው ከጥናቱ ጋር በቅድሚያ ያገናኘው ጥያቄ «በአዲሱ መዋቅር ቦታ አገኛለሁ ወይስ አላገኝም?» የሚል ነበር። ሃመር ራሱ አሠራሩን ሲያስተዋውቅ ነባሩን ከማሻሻል ይልቅ ደምስሶ እንደገና መጀመርን ሰብኮ ነበርና ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። ከአሥር ዓመት በኋላ ከዚያ ሁሉ ሥራ ጎልቶ የቀረው «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው የሥራ መደብ መጠሪያ ነው። የሂደቱ ባለቤት ተብሎ የተሾመው ሰው ግን በጀቱን፣ ቅጥሩንና ግዢውን በእጁ አላደረገም፤ ስለዚህ ሂደቱን ሊለውጥ አይችልም ነበር።

ካይዘን፣ ማለትም የጃፓኑ የቀጣይ መሻሻል አሠራር፣ ከዚህ የተለየ አጀማመር ነበረው፤ ለዚህም ነው የአቃቂ ቃሊቲን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ዋነኛው ምዕራፍ የሚሆነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ የፖሊሲ ጉባኤ ዙሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን በቱኒዚያ ያካሄደችውን የጥራትና የምርታማነት ፕሮጀክት የሚገልጽ ጽሑፍ አነበቡ፤ ወዲያውም ጃፓንን ሁለት ነገር ጠየቁ። አንዱ ከቶኪዮው የፖሊሲ ጥናት ተቋም ምሁራን፣ በተለይም ከኬኒቺ ኦኖ ጋር ቀጣይ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ውይይት፣ ሌላው በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) በኩል የካይዘን ድጋፍ። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ውስጥ የካይዘን ክፍል ተቋቋመ። የጃፓን አማካሪዎች ከአዲስ አበባ በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ 63 ድርጅቶችን ጎብኝተው ከብረታ ብረት፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቆዳ፣ ከኬሚካልና ከምግብ ማቀነባበሪያ ዘርፎች 30 የሙከራ ድርጅቶችን መረጡ። አምስቱም ዘርፎች በቃሊቲና በአቃቂ መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። በየፋብሪካው የልማት ቡድኖች ተቋቁመው በአምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም በማጣራት፣ በማስቀመጥ፣ በማጽዳት፣ በማላመድና በማዝለቅ ተጀመረ። የማያስፈልገው ዕቃ ከማሽን ዙሪያ ተነሣ፤ መፍቻና መዶሻ በቅርጻቸው በተሣለ ሰሌዳ ላይ ተሰቀሉ፤ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተረሳ መለዋወጫ ተገኘ። የሙከራው ሪፖርት በአንድ ድርጅት በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ብር ያህል ጥቅም መገኘቱን መዘገበ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ።

የካይዘን ብርታት ከየት እንደመጣ በጥንቃቄ መለየት አለበት። አንደኛ፣ ከሠራተኛው ጀመረ፤ የማሽኑን ድምፅ የሚያውቀው ሰው ሐሳብ እንዲሰጥ ቡድንና ሰዓት ተመደበለት። ሁለተኛ፣ ውጤቱን በብርና በደቂቃ ለካ። ሦስተኛ፣ ጃፓናውያኑ ከፋብሪካዎቹ ጎን ለጎን ኢትዮጵያውያን አማካሪዎችን አሠለጠኑ፤ ስለዚህ ሲሄዱ ይዘውት የሄዱት እውቀት ጥቂት ነው። ድክመቱም ከዚያው ይጀምራል። ከ30ዎቹ ድርጅቶች ለአርአያነት ይበቃሉ የተባሉት አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ፤ ልዩነቱንም በዋናነት ያመጣው የሥራ አስኪያጁ ቁርጠኝነት መሆኑን የፕሮጀክቱ ባለሙያዎች ራሳቸው ጽፈዋል። ይህ ማለት ምክሩን እንደ ራሱ ግዢ የተቀበለው ሥራ አስኪያጅ ተጠቀመበት፤ እንደ መንግሥት ትእዛዝ የተቀበለው ግን አማካሪው እንደወጣ ሰሌዳውን አቧራ አለበሰው ማለት ነው። ካይዘን ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ ትምህርት ቤት ሲስፋፋም መለኪያው ተለወጠ። ስንት ቡድን ተቋቋመ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቁጥር ስንት ሜትር ጨርቅ ከብክነት ዳነ የሚለውን ሸፈነው። ያው የከፋዩ መለኪያ ተመልሶ መጣ።

ጃፓን ራሷ ይህን እውቀት ያገኘችው በተመሳሳይ መንገድ፣ ግን በተለየ የገዢ አደረጃጀት መሆኑ ትምህርት ይሰጣል። ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ስታቲስቲካዊ የጥራት ቁጥጥር እንዲያስተምር የጋበዘው የጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ኅብረት ነው። በ1955 የተቋቋመው የጃፓን ምርታማነት ማዕከል ከአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ አግኝቷል፤ የሚመሩት ግን አሠሪዎች፣ ሠራተኛ ማኅበራትና ምሁራን አንድ ላይ ሆነው ነበር። ማዕከሉ ሦስት መርሖች አወጀ። ምርታማነት ሥራን ያሰፋል እንጂ አይቀንስም፤ አሠሪና ሠራተኛ ተመካክረው ይሠራሉ፤ ፍሬው ለአሠሪ፣ ለሠራተኛና ለሸማች በፍትሐዊነት ይከፋፈላል። የጃፓን የጥናት ቡድኖች ወደ አሜሪካ ፋብሪካዎች ሲሄዱ ጥያቄውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ፤ ሲመለሱም መልሱን ለራሳቸው ፋብሪካ ቀየሩት። ከእኛ ጋር ስናነጻጽር ገንዘቡ በሁለቱም ቦታ ከውጭ መጥቷል። ልዩነቱ ጥያቄውን ማን ጻፈው የሚለው ላይ ነው። በእኛ አገር ቢጋሩ የተጻፈው በሚኒስቴርና በለጋሽ መካከል ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩና የፋብሪካ ባለቤቶቹ ስሙን የሰሙት ሥልጠናው ሲጀመር ነው።

በቃሊቲ የሚገኘው የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ሌላ ዓይነት ግዢ ሞከረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በቼናይ ካለው የህንድ ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋምና ከህንድ የጫማ ዲዛይን ተቋም ጋር የመንታ ትስስር ውል ገባ፤ ህንዳውያን ባለሙያዎች መጡ፣ ኢትዮጵያውያንም ሄደው ተማሩ። እዚህ የተገዛው ተቋማዊ ችሎታ ስለሆነ ብዙ ፍሬ ቀርቷል፤ የቤተ ሙከራ ምርመራ፣ የቆዳ ማለስለስና የጫማ ዲዛይን ሙያ በአገር ሰው እጅ ገብቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ መንግሥት ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይሄድ 150 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጨረሻም ከዘርፉ የወጪ ንግድ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ከ150 ሚሊዮን በታች ሆነ። የቆዳ ጥራት የሚበላሸው በእከክና በቅጫም በሽታ፣ በእርድና በአቀማመጥ ነው፤ እነዚህም የሚገኙት በገጠር ጓሮና በቄራ እንጂ በቃሊቲ ቤተ ሙከራ አይደለም። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ የተሰጠው ግን ከችግሩ አንድ ቁራጭ ላይ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ገዢ ቢሆኑ ኖሮ ከሁሉ በፊት ወደ ኋላ፣ ወደ አርቢውና ወደ ቆዳ ነጋዴው የሚወስድ ምክር ይጠይቁ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

የቅርቡ ምሳሌ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር የማስተዳደርና የጥገና ሥራው ለሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ለቻይናው ሼንዘን ሜትሮ ቡድን በውል ተሰጥቶ ነበር። ሐሳቡ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች፣ ተቆጣጣሪዎችና ጠጋኞች ከጎን ሆነው እንዲማሩ ነው፤ ነጂዎቹም ተምረው ሥራውን ተረክበዋል። ነገር ግን ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ቆሙ። በአቃቂ በደርግ ዘመን የነበረው ጥያቄ እንደገና መጣ ማለት ነው፤ የመንዳት እውቀት ተሸጠ፣ መለዋወጫ የመሥራት ችሎታ ግን በውሉ ውስጥ አልነበረም። ከባቡሩ መቆሚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ለመለዋወጫ ሥራ የተተከለው ፋብሪካ ነበር። ሁለቱን ያገናኘ ገዢ አልነበረም።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። የአቃቂ ቃሊቲ አነስተኛና መካከለኛ ፋብሪካ አማካሪ የመቅጠር አቅም የለውም፤ መንግሥትና ለጋሽ ባይከፍሉ ኖሮ ምንም እውቀት አይገባም ነበር ይባላል። እውነት ነው፤ የጃፓንም ታሪክ የሕዝብ ገንዘብ አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ገንዘብ መስጠትና ጥያቄውን መጻፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድጋፉ ለፋብሪካው በቀጥታ ቢሰጥ፣ ፋብሪካውም ከራሱ ጥቂት ጨምሮ አማካሪውን ራሱ ቢመርጥ፣ ክፍያው ከፊሉ ምክሩ ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በኋላ በተለካ ውጤት ላይ ቢመሠረት፣ ገንዘቡ የሕዝብ ሆኖ ገዢው ግን ተጠቃሚው ይሆናል። ትንሽ የሚከፍል ሰው ብዙ ይጠይቃል፤ ምንም ያልከፈለ ግን ሥልጠናውን ተቀምጦ ሰምቶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፋብሪካዎቹ ውድቀት ከምክር ጋር አይገናኝም የሚል ነው፤ የውጭ ምንዛሪ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ያረጀ ማሽንና በርካሽ የሚገባ ጨርቅ ነው የገደላቸው፤ ካይዘንም ሆነ ማንኛውም አሠራር እነዚህን አይፈታም። ይህን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም የክርክሬ አካል ነው። ሐቀኛ ምርመራ ቢደረግ ኖሮ ብዙ ፋብሪካዎች የሚሰሙት መልስ «የእናንተ ችግር ከአጥሩ ውጭ ነው» የሚል ይሆን ነበር። ይህን መልስ የሚሸጥ አማካሪ ግን የለም፤ ምክንያቱም ከፋዩ የሚፈልገው በስድስት ወር ተሠርቶ የሚመረቅ ነገር ነው። ገዢው ፋብሪካው ሲሆን ግን ይህ መልስ ዋጋ አለው፤ ለማሽን ክፍሉ ሥልጠና ከመግዛት ይልቅ ከጎረቤት ፋብሪካዎች ጋር ተባብሮ የጋራ የመብራት ማከፋፈያ መጠየቅ ወይም መለዋወጫን በጋራ ማዘዝ እንደሚሻል ያውቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። የውጭ ምክር በቃን፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በራሳችን እንሥራ የሚል ነው። ይህም በአቃቂ ተሞክሯል። የመለዋወጫ ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በሜቴክ ሥር ገባ፤ ኮርፖሬሽኑም ከስኳር ፋብሪካ እስከ ህዳሴ ግድብ ተርባይን ድረስ ሥራ ተሰጠው። በኢትዮጵያውያን እጅ ትልቅ ነገር ይሠራ የሚለው ምኞት የሚያስከብር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከእጁ ሲወጣ ግን የተገለጠው የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ደንበኛና አቅራቢ፣ ተቆጣጣሪና ቁጥጥር የሚደረግበት ሁሉም መንግሥት መሆናቸው ነበር። ምክር ከውጭም መጣ ከውስጥ፣ ጥራቱን የሚጠይቅና እምቢ የማለት መብት ያለው ገዢ ከሌለ ያው ነው። ቲ ደብሊው ኤ የሰው ወርቅ ነበር፤ በትክክለኛው ውል ግን የራስ ሆነ።

ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ከ1950ዎቹ ጋር ሲተያይ የእውቀት ምንጭ የማይጎድለው ክፍለ ከተማ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በውስጡ አለ፤ የቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የዘርፍ ኢንስቲትዩቶቹም በ2014 ዓ.ም. በአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ተጠቃልለዋል፤ የካይዘን ሥራውም ልህቀት ማዕከል ተብሎ ቀጥሏል። የሰው ሠራሽ አስተውሎትንና የዲጂታል ሽግግርን ስም ይዘው የሚመጡት አዲሶቹ አማካሪዎች ይህን ሰፈር ባዶ ሜዳ አድርገው ሊያቀርቡት አይገባም፤ ስድሳ ዓመት የተፈተነ የአሠራር ግዢ ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚያስተምረው ከማንኛውም ውል በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ እንዳለባቸው ነው። ጥያቄውን የጻፈው ፋብሪካው ነው ወይስ ሌላ? ውጤቱ የሚለካው በምርት፣ በብክነትና በሠራተኛው ገቢ ነው ወይስ በሠለጠነ ሰው ቁጥር? አማካሪው ሲወጣ ሥራውን የሚረከበው ሰው በጀቱንና ሥልጣኑን ይዟል ወይ? የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ጠጋኝና የቃሊቲ ጫማ ሰፊ እነዚህን ጥያቄዎች የመጠየቅ ችሎታ አጥተው አያውቁም። የጎደለው እነሱን በጠረጴዛው ዙሪያ በገዢነት ያስቀመጠ ሥርዓት ነው፤ የክፍለ ከተማው ፋብሪካዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራቱና ዩኒቨርሲቲው አንድ ላይ ሆነው ቢጋራቸውን ራሳቸው የሚጽፉበት ማዕከል ቢያቋቁሙ፣ ለቀጣዩ አሠራር የሚወጣው ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂ ባለቤት ያገኛል።